ዝናቡ ቀኑን ይውሰድ፣ መዋጮውን ግን አንሰጠውም

ናይሮቢ ለምትኖሩ ኢትዮጵያውያን ወገኖቼ በሙሉ፤ ለዕድር ዳኞች፣ ለሰበካ ጉባኤና ለመስጊድ ኮሚቴ አባላት፣ በየሰፈሩ ማኅበር ለምትጠጡ እናቶችና እኅቶች፣ ለምግብ ቤት ባለቤቶች፣ ለወጣቶች፦ ይህ ጥሪ ለእናንተ ነው። የሚቀጥለው ረጅም ዝናብ ሳይደርስብን ገንዘብ የምናሰባስብበትን መንገድ አብረን እንለውጥ።

የ2016 ዓ.ም.ን የሕማማት ሳምንት አስታውሱ። ሰኞ ሚያዝያ 21 ቀን ገና ሳይነጋ፣ ከናይሮቢ በስተሰሜን ምዕራብ በማይ ማሂዩ አካባቢ ከባቡር ሐዲድ ሥር ያለ የውኃ መተላለፊያ ተደፍኖ ያቆረው ጎርፍ ጥሶ ወጣ። ከ45 የማያንሱ ሰዎች፣ ብዙዎቹ ከነእንቅልፋቸው፣ ተወሰዱ። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ናይሮቢ ራሷ ተጥለቅልቃ ነበር። የማታሬ ወንዝ ከመፍሰሻው ወጥቶ በዳርቻው የተሠሩ የቆርቆሮ ቤቶችን ጠረገ፤ የሙኩሩ ሰፈር በውኃ ተከበበ፤ ዋና ዋና መንገዶች በከፊል ተዘጉ፤ የከተማው ባቡር አገልግሎቱን አቋረጠ። በዚያ ወቅት በመላ ኬንያ ከ250 በላይ ሰው ሞተ፤ ከ200 ሺህ በላይ ሕዝብ ተፈናቀለ። ትምህርት ቤቶች ያን ሰሞን ሊከፈቱ ታስቦ ቀኑ ሁለት ጊዜ ተገፋ፤ የተከፈቱት ግንቦት 5 ነው። የእኛ ፋሲካ ሚያዝያ 27 ዋለ።

አሁን የራሳችንን ልማድ ከዚህ አጠገብ እናስቀምጠው። ጾሙ ሲፈታ ሰርጉ፣ ባዛሩ፣ የሕንፃ ማሠሪያው፣ የሕሙማን መርጃው፣ የተማሪዎች ክፍያ ማሰባሰቢያው ሁሉ ከዳግም ትንሣኤ እስከ ግንቦት ማብቂያ ባሉት ቅዳሜና እሑዶች ላይ ይደረደራል። አዲስ አበባ ላይ ይህ ብልህነት ነው፤ በልግ አልፎ አልፎ ቢያካፋም ዋናው ክረምት የሚገባው በሰኔ ስለሆነ ሰው ከዚያ በፊት ጉዳዩን ይጨርሳል። ናይሮቢ ላይ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ረጅሙ ዝናብ የሚጥለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሲሆን ከባዱ ብዙውን ጊዜ በሚያዝያ ነው። አጭሩ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይመጣል። እኛ አገር ሰማዩ በሚያጓራበት በሐምሌና በነሐሴ ናይሮቢ ብርድና ደመና ናት እንጂ ብዙም አይዘንብባትም። ከአገር ቤት የወቅት ስሜታችንን ይዘን መጥተን፣ ድንኳናችንን በየዓመቱ ዝናብ አፍ ውስጥ እንተክላለን።

ከዚያ የሚሆነውን ኮሚቴ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ለአዳራሽ ወይም ለድንኳን ቀብድ ተከፍሏል፣ ለሳውንድ ሲስተም ተከፍሏል፣ በሬው ተገዝቷል፣ እናቶች ሌሊቱን እንጀራ ሲጋግሩ አድረዋል። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሰማዩ ይቀደዳል። ግማሹ ሰው ሞምባሳ ሮድ ላይ በማታቱ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል፤ ልጅ ያላቸው ከቤት አይወጡም፤ መብራት ይጠፋል። ማታ በቴሌግራም አንድ አጭር መልእክት ይመጣል፦ ዝግጅቱ ላልተወሰነ ጊዜ ተራዝሟል። ላልተወሰነ ጊዜ የተባለው ደግሞ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይረሳል። ቀብዱ አይመለስም። ቃል የገባው ሰው ስሜቱ ይቀዘቅዛል፤ አስታዋሽም ያጣል። ወጪው ተደርጓል፣ ገቢው አልገባም፤ ኮሚቴውም ከጀመረበት በታች ሆኖ ይገኛል።

ይህን ሁሉ መሸከም የማይችለው ደግሞ ከአዳራሹ ውጭ ያለው ሰው ነው። የኩላሊት እጥበት የሚጠብቀው ታማሚ ቀጠሮው በዝናብ አይራዘምለትም። የትምህርት ቤት ክፍያ ያልተከፈለለት ልጅ ከክፍል ይወጣል። ኢስሊ ሰፈር ውስጥ በአንድ ክፍል ቤት ልጆቿን የምታሳድግ ስደተኛ እናት የወሩ ኪራይ ይቆጥርባታል። እኛ ያራዘምነው ድግስ ነው፤ የእነሱ ችግር ግን አልተራዘመም። እንዲያውም ዝናቡ ያባብሰዋል፤ ፕሮግራማችንን ያስቆመን ጎርፍ በዚያው ቀን የእነሱን ፍራሽ ያርሳል፣ የእነሱን ጉሊት ያስዘጋል። የእርዳታ ፍላጎት ከፍ የሚልበትና የእርዳታ ዝግጅት የሚሰረዝበት ቀን አንድ መሆኑ ሊያሳርፈን አይገባም።

ስለዚህ የምለው አንድ ነው፦ ገንዘቡን ከቀኑ እንለየው። ቀኑ የደስታና የመተያያ ቀን ይሁን፤ መዋጮው ግን ከቀኑ በፊት የተጀመረ፣ በቀኑ የማይቆም፣ ከቀኑም በኋላ የሚቀጥል ይሁን።

ይህን ለመማር ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የምንኖረው ሐራምቤን፣ «አብረን እንሳብ» የሚለውን ቃል፣ በብሔራዊ ዓርማዋ ላይ የጻፈች አገር ውስጥ ነው። ኬንያውያን ከነፃነታቸው ጀምረው በዚህ መንፈስ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ገንብተዋል። በስልክ ገንዘብ የሚላክበት ኤምፔሳ በ2007 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ደግሞ መዋጮ ከአዳራሽ ወጥቶ ኪስ ውስጥ ገባ። በ2011 እ.ኤ.አ. ድርቅ የቱርካናንና የሌሎች አካባቢዎችን ሕዝብ ለረሃብ ሲዳርግ፣ የኬንያ ቀይ መስቀል፣ የሳፋሪኮም ፋውንዴሽን፣ ኬሲቢ ባንክና የመገናኛ ብዙኃን ባለቤቶች ተባብረው «ኬንያውያን ለኬንያ» የሚለውን ዘመቻ በሐምሌ ወር ጀመሩ። ዓላማቸው በአራት ሳምንት 500 ሚሊዮን ሽልንግ መሰብሰብ ነበር፤ ከዚያም በላይ አገኙ። አሥርና ሃያ ሽልንግ ያለው ሰው ከማታቱ ውስጥ ሆኖ ይልክ ነበር። ያን ዘመቻ የትኛውም ዝናብ ሊያስቆመው አይችልም ነበር፤ የሚሰበሰብበት ሜዳ አልነበረውምና።

ሌላም ከዓይናችን ሥር ያለ ምሳሌ አለ። ማተር ሆስፒታል የልብ ሕመም ላለባቸው ሕፃናት የሚያዘጋጀው ሩጫ ብዙ ጊዜ የሚካሄደው በሜይ ወር፣ ማለትም በዚሁ በዝናቡ ወቅት ነው። ሰው ግን ቲሸርቱን አስቀድሞ ይገዛል። ሯጩ የሩጫው ዕለት ቤቱ ቢቀር እንኳ ለሕፃኑ የታሰበው ገንዘብ ቀድሞ ገብቷል። በእኛም አገር በ2017 ዓ.ም. ለመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ሕንፃ ማስጨረሻ ሕዝቡ በዩቲዩብ የቀጥታ ስርጭት እያየ ከያለበት ሲለግስ አይተናል። አዲስ አበባ ያለውና ዋሽንግተን ያለው እኩል ተሳተፉ። ያንን መንፈስ ናይሮቢ ላይ ማምጣት ያቅተናል?

«ሰው ዓይን ለዓይን ካልተያየ አይሰጥም» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ ቢያንስ ግማሽ እውነት። ጨረታ ላይ አንዱ ሲጨምር ሌላው የሚነሳው ስለሚተያዩ ነው። ቶምቦላው ሲወጣ ያለው ሳቅ፣ ሽማግሌው ተነሥተው «እኔም አለሁበት» ሲሉ የሚሰማው ሙቀት በስልክ ብቻ አይገኝም። ለዚህ መልሱ ግን አምስት መቶ ሰው በአንድ ድንኳን ሥር ማከማቸት ብቻ አይደለም። እኛ ከድሮም በቤት የምንሰበሰብ ሰዎች ነን። የጽዋ ማኅበር በየወሩ በተራ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይዞራል። ዱዓው በሰፈር ይደረጋል፣ ቡናው በጎረቤት ይጠጣል፣ ለቀስተኛ በቤት ይቀመጣል። እንግዲህ አንዱን ትልቅ አዳራሽ ለብዙ ቤቶች እናከፋፍለው። ኢስሊ ያለው ኢስሊ፣ ሀርሊንግሃምና ኪሊማኒ ያለው በዚያው፣ ሳውዝ ሲ ያለው በዚያው፣ ካሳራኒ ያለው በዚያው አሥራ አምስት ሃያ ሆኖ ይቀመጥ። ማንም ወንዝ አይሻገርም፤ ማንም ጎርፍ ውስጥ መኪና አይነዳም። ከአንድ ቤት በቀጥታ የሚተላለፈውን ጨረታ ሌሎቹ በቴሌቪዥን ወይም በስልክ ይከታተሉ፤ «ሳውዝ ሲ ሰላሳ ሺህ አለ፣ ካሳራኒ ምን ይላል?» ሲባል በሰፈር መካከል የሚነሣው እልህ በድንኳን ካለው የሚያንስ አይመስለኝም። ከቤት የማይወጡ አረጋውያን፣ ጨቅላ ያቀፉ እናቶች፣ የሌሊት ተረኛ የሆኑ ሠራተኞች ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ይካፈላሉ።

ምግቡስ? ምግቡ አይጣል። እንጀራውና ወጡ ታሽጎ በቦዳ ቦዳ ሞተር ወደየቤቶቹ ይሂድ፤ መንገዱ ከተዘጋ ደግሞ በእግር ወደሚደረስበት ይሂድ። ጎረቤቶቻችን ቤታቸው ፈርሶ በትምህርት ቤትና በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የተጠለሉ እንደሆነ የመጀመሪያው ሳህን የእነሱ ነው። ማታሬ ከኢስሊ ጋር የተጎራበተ ሰፈር ነው፤ የሚያስተዳድረን ከተማ አንድ ነው፤ የምንጠጣው ውኃ አንድ ነው። የዚህች ከተማ አንድ ትልቅ ጎዳና በንጉሣችን በኃይለ ሥላሴ ስም ይጠራል፤ ያን ያህል የቆየ ዝምድና ያለው ሕዝብ ጎረቤቱ በጎርፍ ሲነቀል ድግሱን ሰርዞ በሩን ዘግቶ ሊቀመጥ አይገባውም። ለድግስ የተሠራ ምግብ ለተፈናቃይ ሲደርስ ለጋሹም ስለምን እንደሰጠ በዓይኑ ያያል፤ ለዋናው ጉዳይ የሚያዋጣውም ያኔ ይበረታል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ሥራው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አባቶች። ደመናው ከመጣ በኋላ የሚሠራ የለም፤ ሥራው ሁሉ በደረቁ ወራት ነው።

የመጀመሪያው ሥራ የቀን ምርጫ ነው። ገና፣ ጥምቀት፣ ዓድዋ፣ ቡሄ፣ እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፤ እነዚህ ሁሉ ናይሮቢ ላይ ዝናብ በሚቀንስባቸው ወራት ይውላሉ። ትልልቆቹን ዝግጅቶች ወደነዚህ እናምጣ። ለሚያዝያና ለግንቦት ደግሞ የቤት ለቤቱን እናቆይ። የፋሲካ ደስታ የትም አይሄድም፤ የሚሄደው የድንኳኑ ቀብድ ነው።

ሰማዩን የሚያነቡልን ሰዎችም እዚሁ አጠገባችን አሉ። የኬንያ ሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ዳጎሬቲ ኮርነር ነው፤ በየጊዜው የሰባት ቀን ትንበያ ያወጣል። የኢጋድ የአየር ንብረት ትንበያ ማዕከልም መቀመጫው በዚሁ በናይሮቢ አካባቢ ሲሆን የኢትዮጵያን ጨምሮ የአፍሪካ ቀንድን የወቅት ትንበያ ያዘጋጃል። የመጋቢት፣ የሚያዝያና የግንቦትን ትንበያ ይፋ የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ በጥር ነው። በ2016ም ገና በጥር ወር ከመደበኛው የበዛ ዝናብ እንደሚጠበቅ ተናግሮ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ጊዜ ነበረ! ከእያንዳንዱ ኮሚቴ አንድ ወጣት ይህን ትንበያ እየተከታተለ ለሊቀመንበሩ እንዲያሳውቅ ይመደብ። ለዚህ የሚከፈል ገንዘብ የለም፤ የሚያስፈልገው ስልክና ኃላፊነት ነው።

ቃል ማስገባቱ ከዝግጅቱ ስድስት ሳምንት በፊት ይጀመር። መጥሪያው ላይ በግልጽ ይጻፍ፦ «ዝናብ ቢከለክለን ይህ ትኬት በእገሌ ቀን ያገለግላል፤ ስጦታዎ ግን ዛሬውኑ ለታሰበለት ይደርሳል።» ቶምቦላው አስቀድሞ ይሸጥ። የጨረታው ዕቃ ፎቶ አስቀድሞ በቴሌግራም ይውጣና የመነሻ ዋጋ ይሰጥበት። የድግሱ ቀን ሲደርስ ከታሰበው ግማሹ ገብቶ ከሆነ ደመናው አያስደነግጠንም።

ውሉ ላይ እንጠንክር። ድንኳን፣ አዳራሽ፣ ድምፅ ማጉያ ስንከራይ «በከባድ ዝናብ ምክንያት ከተራዘመ ቀብዱ ለተለዋጩ ቀን ይያዛል» የሚል አንቀጽ ይኑር። አከራዩ እንቢ ካለ ሌላ አለ። ሃያ ማኅበር በአንድ ድምፅ ሲጠይቅ ደግሞ እንቢ የሚል አይበዛም፤ ይህ ጥሪ ለብቻ የማይሠራበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ማን ይወስናል የሚለው ጥያቄ ብዙ ኮሚቴ አፋጅቷል። በዝናቡ ቀን አሥር ሰው አሥር ዓይነት መልእክት ይልካል፤ አንዱ «አለ» ሲል ሌላው «ቀርቷል» ይላል፤ እንግዳው መንገድ ላይ ይንከራተታል። ስለዚህ ሁለት ቀን ሲቀረው የሚወስኑ ሦስት ሰዎች አስቀድመው ይሰየሙ፤ የሚወጣውም መልእክት አንድ ይሁን። መልእክቱም «ተራዝሟል» አይበል፤ «ወደየቤታችን ተዛውሯል፣ የሰፈራችሁ ቤት የእገሊት ነው፣ ሰዓቱ ይህ ነው» ይበል። በጎርፍ ቀን ሕዝብ ወደ አዳራሽ የሚጠራ ኮሚቴ ካለ ግን በኃይለኛ ቃል እቃወመዋለሁ። የአንድ ሰው ሕይወት ከየትኛውም መዋጮ ይበልጣል።

ስለ ገንዘቡ መታመን እዚህ ላይ ቆም ብለን እንነጋገር፤ ከቤት ሆኖ የሚሰጥ ሰው ኮሚቴውን አያየውምና። በግለሰብ ስልክ ቁጥር መሰብሰብ ይቅር። የፔይቢል (የኤምፔሳ መክፈያ) ቁጥር በማኅበሩ ስም ይከፈት፤ ሲልኩ የማኅበሩ ስም ይምጣላቸው። ወጪው በሦስት ፈራሚ ይሁን፤ ከሦስቱ አንዷ ሴት ትሁን፤ በየማታው የገባው ድምር ለሁሉም ይነገር። ሕዝባዊ መዋጮ ለማሰባሰብ የኬንያ ሕግ ፈቃድ ስለሚጠይቅም ይህ በደረቁ ወራት ይጠናቀቅ። እኛ እንግዶች ነን፤ ወረቀታችን ንጹሕ ሲሆን ድምፃችንም ቀና ይላል።

የመጨረሻውና ከሁሉ የሚከብደው የጋራ ቋት ማቆም ነው። ዕድር ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ሞት ቀጠሮ ስለሌለው በየወሩ እናዋጣለን፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ ለቅሶ ሳይመጣ ተገዝቶ ይቀመጣል። ለዝናብም እንዲሁ እናድርግ። እያንዳንዱ ማኅበር ከሚያዘጋጀው ዝግጅት ገቢ አሥር በመቶ ለጋራ ቋት ይስጥ። ከዚህ ቋት በዝናብ ዝግጅቱ የተበላሸበት ማኅበር ወጪው ይሸፈንለት፤ በተለይ ጤፍና ሥጋ በዱቤ የወሰዱ እናቶች ዕዳ በመጀመሪያ ይከፈል። ዝግጅት ሲከሽፍ ከሁሉ በፊት የሚጎዱት እነሱ ናቸው፤ ይህን በስብሰባ ላይ የሚያነሣው ግን ጥቂት ሰው ነው። ቋቱ ሲጠነክር ውኃ የማያስገባ ድንኳን፣ ጄኔሬተርና የስርጭት ካሜራ በጋራ ይገዛለት። ቤተ ክርስቲያኑ ለመስጊዱ፣ መስጊዱ ለቤተ ክርስቲያኑ፣ የኦሮሞው ማኅበር ለጉራጌው፣ የአማራው ለትግራዩ ያውሰው። የፖለቲካ ልዩነታችንን ማንም አፍርሱ አላለንም፤ ዝናቡ ግን ማንንም ለይቶ አያረጥብም፣ የታመመ ወገንም ዘሩን ለማስመርመር አይደለም ወደ እኛ የሚመጣው።

ምግብ ቤት ያላችሁ፣ በሳምንቱ ቀዝቀዝ በሚሉባቸው ቀናት አዳራሻችሁን ለተለዋጭ ቀን ቃል ግቡ። ነጋዴዎች፣ የመጀመሪያውን የቋት ገንዘብ ጣሉ። ወጣቶች፣ ስርጭቱ የእናንተ ነው፤ በቲክቶክ ላይቭ የምታውቁትን ሙያ ለወገን አውጡት። አባቶች፣ ከመድረክ ላይ ሆናችሁ «ቀኑ ቢያልፍም ቃሉ አያልፍም» በሉልን፤ ከእናንተ አፍ ሲወጣ ይሰማል።

ከጥምቀት በኋላ ባለው የመጀመሪያ እሑድ፣ ከየማኅበሩ ሁለት ሁለት ሰው ተወክሎ እንሰብሰብ። እያንዳንዱ ተወካይ ሦስት ነገር ይዞ ይምጣ፦ የዓመቱን የዝግጅት ቀኖች፣ ከአከራይ ጋር የተፈራረመውን ውል፣ በሰፈሩ ለዝናብ ቀን በሯን የምትከፍት የአንዲት ቤት አድራሻ። ስብሰባው የሚጠናቀቀው ሦስቱ ወሳኞች ተሰይመው፣ የቋቱ ፈራሚዎች ተመርጠው፣ የመጀመሪያው ሽልንግ ከገባ በኋላ ነው።